ክብሪቱን ወደ ኪስዎ ይመልሱ

ባለፈው ወር የደመወዝ ሰሞን ነበርና በአንድ ባንክ ውስጥ የተራ ቁጥራችንን ይዘን በርከት ያልን ሰዎች ተቀምጠናል። ከመካከላችን ዕድሜው ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ዓመት የሚሆን፣ ከረባት ያሰረ አንድ ወጣት በድንገት የሚያስደነግጥ ድምፅ አሰማና ከመቀመጫው ወለሉ ላይ ተዘረረ። መላ ሰውነቱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ከንፈሩ ጠቆረ፤ ጥቂት ቆይቶም እጅና እግሩ ይንፈራገጥ ጀመር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። አንዱ «ክብሪት! ክብሪት የያዘ!» እያለ ጮኸ። ሌላው የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በወጣቱ መዳፍ ውስጥ ሊያስጨብጠው ታገለ። የበሩ ጥበቃ ሮጦ መጣና ሁለቱን እግሮቹን በጉልበቱ ተጫናቸው። አንዲት ወይዘሮ ሻይ ከምታዞረው ልጅ ላይ ማንኪያ ተቀብለው በጥርሶቹ መካከል ሊያስገቡ ጎንበስ አሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የያዙትን ውሃ ከፍተው ፊቱ ላይ ሊያፈሱበት ተዘጋጁ። የቀረነው ከበን ቆምን፤ ሦስት አራት ሰዎችም ሞባይላቸውን አንሥተው ፊልም ያነሡ ነበር።

በዚህ መካከል ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ልጅ እግር ሴት ሰውን እየገፋች ገባች። ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሱ በታች አደረገች፤ በአጠገቡ ያለውን ወንበር ገፋ አደረገች፤ ከረባቱን ፈታች፤ መነጽሩን አወለቀች። «ጋሼ፣ እባክዎ እግሩን ይልቀቁት» አለች ለጥበቃው። «እማማ፣ ማንኪያውን ይተዉት፤ ጥርሱን ይሰብሩታል። አባባ፣ ውሃውንም ይተዉት» አለች። ከዚያ በኋላ የሠራችው ነገር ብዙውን ሰው ግራ አጋባው፤ ምንም ሳትነካው ተንበርክካ የእጅ ሰዓቷን ትመለከት ጀመር። «ልጁ እየሞተ ሰዓት ታያለች!» ብሎ የተቆጣም ነበር። መንፈራገጡ ላላ ባለ ጊዜ በቀስታ ወደ ጎኑ አዞረችው፤ አፉ ውስጥ የተጠራቀመው አረፋና ምራቅ ወደ ውጭ ፈሰሰ። «ሁለት ደቂቃ ከሩብ» አለች ለራሷ። ነርስ ለመሆን የምትማር ተማሪ መሆኗን በኋላ ነገረችን። ክብሪቱም የተገኘው በዚህ ጊዜ ነው!

ክብሪት በአገራችን ይህን ያህል ስም ያገኘበት ምክንያት ከዚህ ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይታያል። የሚጥል በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ክብሪት የያዘ ሰው እስኪገኝ፣ እስኪጫር፣ ጢሱም አፍንጫ ድረስ እስኪቀርብ ያው ሁለት ሦስት ደቂቃ ያልፋል። ሕመምተኛውም ሊነቃ በነበረበት ሰዓት ይነቃል፤ ምስጋናው ግን ለክብሪቱ ይሆናል። የክብሪት ጢስ የአንጎልን ሕመም የሚያቆምበት ምንም መንገድ የለውም። እንዲያውም ጢሱ የመተንፈሻ አካልን የሚቆጠቁጥ ነውና፣ አየር አጥሮት የጠቆረውን ሰው ንጹሕ አየር ይከለክለዋል። እሳቱም ልብስና ቆዳ ላይ ያርፋል። ሽንኩርት ማሽተትም፣ ቁልፍና ብረት ማስጨበጥም ከዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነዚህስ ጉዳታቸው ከክብሪቱ ያነሰ ነው።

የማንኪያው ነገር ግን የከፋ ነው። ሰው በሚጥለው ጊዜ ምላሱን ይውጣል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ምላስ ከመንጋጋ ሥር የተያያዘ ሥጋ ስለ ሆነ ማንም ሊውጠው አይችልም። ሊነክሰው ይችላል፤ የሚነክሰው ግን መንጋጋው በሚገጥምበት በመጀመሪያው ቅጽበት ነው። ማንኪያው የሚደርሰው ምላሱ ከተነከሰ በኋላ ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ የሚተርፈው ሥራ ጥርስ መስበር ብቻ ነው። የተሰበረውም ጥርስ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ጣቱን የሚያስገባ ሰው ደግሞ ጣቱን ያጣል። እጅና እግርን በጉልበት መጫንም መንፈራገጡን አንዲት ሰከንድ አያሳጥረውም፤ ጡንቻው ሲጎተት እኛም ስንይዘው ትከሻው ይወልቃል ወይም አጥንቱ ይሰበራል። ውሃ፣ አረቄ፣ ክኒን፣ ማንኛውም በአፍ የሚሰጥ ነገር ሁሉ መዋጥ ለማይችል ሰው ወደ ሳንባ የሚገባ መርዝ ነው።

ይህን የምጽፈው በባንኩ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኔም ከእነርሱ የተሻልሁ አልነበርሁምና። ነርስ ሆኜ በተቀጠርሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሳለሁ፣ ለራስ ምታት ተብሎ የተኛ አንድ ገበሬ በፊቴ ጣለው። ሮጬ ሄጄ ሁለቱን እጆቹን ጥብቅ አድርጌ ያዝሁ፤ ስምንተኛው አልጋ ላይ ያለው አስታማሚም እግሩን ያዘልኝ። ሐኪሙ ሲመጣ ነገሩ አልፎ ነበር። «ስንት ደቂቃ ቆየ?» አለኝ። «ብዙ ቆየ» አልሁት። «ከየትኛው እጁ ጀመረ?» ዝም አልሁ። «ዐይኑስ ወዴት ዞሮ ነበር?» አሁንም ዝም። አልተቆጣኝም። ካርዱን ስቦ «በዓይኑ ያየ ምስክር የለም» ብሎ ጻፈ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ! ከአራት ቀን በኋላ ዳግመኛ ጣለው። ያን ጊዜ ተረኛ የነበረችው ባልደረባዬ ከግራ አውራ ጣቱ መጀመሩን፣ ዐይኑም ወደ ግራ መዞሩን፣ ግራ እጁም ከነቃ በኋላ እንኳ ለግማሽ ሰዓት መድከሙን መዝግባ አገኘነው። የግራ አካል የሚታዘዘው ከቀኝ አንጎል ስለ ሆነ ሐኪሙ የራስ ምርመራ አዘዘ፤ በቀኝ በኩልም እባጭ ተገኘ። አራቱ ቀን የባከነው በእኔ እጅ ነው።

የነርስ ሥራ በዚህ ሕመም ላይ ምን እንደ ሆነ የተማርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሐኪሙ ሲጥለው የሚያየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሚመረምረው ካለፈ በኋላ ጤነኛ መስሎ የተቀመጠውን ሰው ነው። ስለዚህ ሕመሙን የሚለየው ባየ ሰው ቃል ነው። ከመውደቁ በፊት ምን ይሠራ ነበር? ጮኸ ወይ? ወይስ ፊቱ ነጥቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ቀስ ብሎ ተዝለፈለፈ? (ይህ የመጨረሻው ራስን የመሳት ምልክት ነው እንጂ የሚጥል በሽታ ላይሆን ይችላል።) መንቀጥቀጡ በአንድ ወገን ጀመረ ወይስ በሁለቱም? ዐይኑና ራሱ ወዴት ዞረ? ሽንት አመለጠው? ስንት ደቂቃ ቆየ? ከነቃ በኋላ ስሙን ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ፈጀበት? ከእነዚህ ሁሉ የሰዓቱ ነገር ይቀድማል፤ የደነገጠ ሰው አንዱን ደቂቃ ዐሥር አድርጎ ይቆጥራልና። ሞባይል ያነሡትም ሰዎች ቢሆኑ የሠሩት ሥራ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ፊልሙን ለሕመምተኛው ወይም ለቤተ ሰቡ ለሐኪም እንዲያሳዩት ቢሰጡት ትልቅ ዋጋ ያለው ማስረጃ ነው። ለወሬ የሚበትነው ግን ሽንት ያመለጠውን የሰው ልጅ በአደባባይ እንደሚያራቁት ይወቅ።

በሆስፒታል ውስጥ ጥንቃቄው የሚጀምረው ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት ነው። ነርሷ ሊጥለው የሚችል ሕመምተኛ ስትቀበል አልጋውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ታደርጋለች፤ የጎኑን ብረት ከፍ አድርጋ በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች። ምራቅና ትውከት የሚስበው መሣሪያና ኦክስጅኑ በአልጋው ራስጌ መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን መሥራታቸውንም ትፈትናለች፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የማይስብ መሣሪያ ለጌጥ ነው። በደም ሥር መድኃኒት የሚገባበትን መንገድ አስቀድማ ታዘጋጃለች። የመስታወት ቴርሞሜትር በአፉ አትለካውም። ወደ መታጠቢያ ክፍል ብቻውን አትልከውም፤ ሄዶም ከሆነ በሩ ከውስጥ አይቀረቀርም። ሲጥለው ደግሞ ትታው አትሮጥም፤ ሌላ ሰው እንዲጠራ ትልካለች እንጂ እርሷ ከአጠገቡ አትለይም። በገመድ ወይም በጨርቅ አታስረውም። ጣቱን ወግታ በደሙ ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ታያለች፤ ስኳር ማነስ ራሱ ያንቀጠቅጣልና። ካለፈም በኋላ በጎኑ አስተኝታ እስትንፋሱን ትከታተላለች፤ የረጠበ ልብሱን ሰው ሳይበዛ ትቀይርለታለች፤ ፈጽሞ ራሱን እስኪያውቅ ድረስ ምንም አታጎርሰውም። ስሙን ጠርታ የት እንዳለና ምን እንደ ደረሰበት በዝግታ ትነግረዋለች። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከእንቅልፍ ነቅቶ ሃያ ዐይን ሲያፈጥበት የሚያገኝ ሰው ግራ ተጋብቶ ሊታገል ይችላል።

ከሰዓቱ ላይ 5 ደቂቃ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ በራሱ አይቆምምና፣ ዲያዜፓም ወይም የእርሱ ዓይነት መድኃኒት ወደሚገኝበት ሕክምና ቤት በቶሎ መድረስ አለበት፤ መዘግየት አንጎልን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። አንዱ ሳይለቀው ሌላው የደገመበት፣ ከዚህ ቀደም ጥሎት የማያውቅ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ፣ ራሱን ክፉኛ የመታ፣ ካለፈም በኋላ መተንፈስ ያቃተው ሰው ሰዓቱ ሳይጠበቅ መወሰድ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ነፍሰ ጡርን ልብ በሉ። ከአምስተኛው ወር ወዲህ ያለች ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ብታንቀጠቅጥ፣ «ለክፏት ነው» እያሉ ቤት ማቆየት እናትና ልጅን አብሮ መቅበር ሊሆን ይችላል። ይህ ኤክላምፕሲያ የተባለው የደም ግፊት ጣጣ ነው፤ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒትም አለው፤ የሚገኘው ግን በሕክምና ቤት ነው። ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሕፃንም እንዲሁ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት ያልፍለታል፤ ቢሆንም የማጅራት ገትር ወይም የወባ አለመሆኑን ማየት የሐኪም ፈንታ ነው።

ስለ በሽታው ምንጭ ሲነሣ ዛሬም መንፈስ ነው የሚል አለ። እንዲህ ያለው አሳብ በኛ አገር ብቻ የተወለደ አይደለም፤ ግሪኮችም «ቅዱስ በሽታ» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ በሒፖክራጥስ ስም የሚታወቁት የጥንት ሐኪሞች ከዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ በፊት ምንጩ አንጎል ነው ብለው ጽፈውባቸዋል። አንጎል በኤሌክትሪክ ምልክት የሚሠራ አካል ነው፤ ያ ምልክት በአንድ ስፍራ ወይም በመላው ያለ ልክ ሲነድ ሰው ይወድቃል። በምጥ ጊዜ አየር ያጠረው ሕፃን፣ ራሱን የተመታ ሰው፣ የማጅራት ገትር የያዘው ሁሉ በኋላ ሊያመጣው ይችላል፤ የብዙዎቹ ምክንያት ግን ሳይታወቅ ይቀራል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። አረፋውም ምራቅ እንጂ ሌላ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው አድርገውት እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው መካከል 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ታይቷል። እንግዲህ 2,000 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ስንት እንደሚደርስ እናንተው አስሉት።

ታዲያ ሕመምተኛውን ለአልጋ ቁራኛነት የሚዳርገው ብዙ ጊዜ መውደቁ አይደለም፤ የሚወድቅበት ስፍራ ነው። በአገራችን የዚህ ትልቁ ጠላት እሳት ነው። ምድጃ አጠገብ የወደቀች ሴት አረፋው ይጋባል እየተባለ ቶሎ የሚያነሣት አጥታ እጇን ወይም ፊቷን ታጣለች። ስለዚህ እንዲህ ያለች እኅት ወይም ሠራተኛ ያላችሁ፣ እንጀራ ስትጋግር ብቻዋን አትተዉአት፤ ቢቻል ሌላ ሰው ይጋግር። መሬት ላይ ያለ የሦስት ጉልቻ እሳት ይቅርና ዙሪያው የተከደነ፣ ከፍ ያለ ምድጃ ይሠራ። ከሰሉንና ጀበናውን ከመተላለፊያ አርቁ። ወንዝ ወርዶ መታጠብ ይቅርና በቤት በጣሳ ይሁን። ጣራ መውጣት፣ ዛፍ መውጣት፣ መኪና መንዳት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይሆንም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። በመኝታ ቤታችሁ ተደራራቢ አልጋ ከሆነ ይህ ሕመም ላለበት ጓደኛችሁ የታችኛውን ልቀቁለት። ስሙ እንዲወጣበት አታድርጉ፤ ዝም ብላችሁ ተለዋወጡ። ፈተና ሲደርስም ሌሊቱን በቡና ወይም በጫት ሲያነጋ ከእርሱ ጋር አትፎካከሩ፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ መጠጥም እንዲሁ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁት ደግሞ ይህን አስቡ። የሚጥል ክኒን በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል፤ ከ5 ደቂቃ አልፎ የማይቆመው መንቀጥቀጥም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ነው። አዲስ ምድብ ደርሶት ወደ ሩቅ ወረዳ የሚሄድ ጸሐፊ ክኒኑን ሳይዝ ይሄዳል፤ ለአለቃውም ከሥራ እባረራለሁ ብሎ አይናገርም፤ በሦስተኛው ሳምንት ክኒኑ ያልቃል፤ በአራተኛው ደረጃ ላይ ይወድቃል። አለቃ የሆናችሁ ሰዎች ሆይ፣ ይህን ሰው ያስደበቀው በእናንተ ፊት ያየው ፍርሃት ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ1912፣ ፌኒቶይንም በ1938 ለዚህ ሕመም የዋሉ ናቸው፤ ርካሽ ናቸው፤ አዳዲሶችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚደርሱት ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ የዛሬው የሒሳብ ሹማችሁ ይሆናል፤ አታውቁትም እንጂ። ጠበል የሚጠመቅም ሰው ቢሆን ይጠመቅ፤ ከጠበሉ ጋር ክኒኑን አያቋርጥ፤ ውሃው ዘንድም ብቻውን አይግባ። ሐኪም የሚለምነው ይህን ብቻ ነው።

ወደ ባንኩ ልመለስ። ወጣቱ ሰባት ስምንት ደቂቃ ያህል አኮረፈ፤ ከዚያ ዐይኑን ገለጠ። ተማሪዋ ነጠላዋን ወገቡ ላይ አልብሳው ነበር። «ወድቀህ ነበር፤ አሁን አልፏል፤ ባንክ ውስጥ ነህ፤ ስምህ ማነው?» አለችው። በሁለተኛው ጥያቄ ነገራት። ከኪሱ ውስጥ የክኒን ወረቀት አወጣ፤ ሁለት ቀን እንደ ጨረሰና ለመግዛት ደመወዙን እየጠበቀ እንደ ነበር ነገራት። ጥበቃው የተራ ቁጥሩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ገንዘብ ከፋይዋም ያለ ተራው ጠራችው። ልጅቱ የሆነውን ሁሉ፣ ሁለት ደቂቃ ከሩቡን ጨምራ፣ በትንሽ ወረቀት ጽፋ ለሐኪሙ እንዲሰጥ በኪሱ ከተተችለት፤ እስከ ፋርማሲው ድረስም አብራው ሄደች።

ስለ ቃጠሎ የመጀመሪያ እርዳታ የጠየቃችሁ አንባቢዎች መልሱን በሚቀጥለው እትም ታገኛላችሁ።